የእንግዳ ሞድ

ካፒቴን ስሙ ከመኪናዋ መሰረዙን የሰማው ጥርሱን እየቦረሸ፣ አፉ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ አንዲት ቃል እንኳ መመለስ በማይችልበት ሰዓት ነበር። ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ቧንቧ ሥር አጎንብሷል። የጋራዡ ትንሿ መስኮት ተከፍታ ስለነበር የእህቱ ባል ድምፅ የዕቃ ዋጋ እንደሚያነብ ሰው ቀዝቅዞ ወጣ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በእንግዳ ሞድ ነው የሚነዳት። ስሙም ወጥቷል።»

ካፒቴን ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ የእህቱን መልስ ጠበቀ። እሽኮኮ ብሎ ያሳደጋት፣ የመጀመሪያዋን መሪ ያስያዛት፣ ግድግዳ ጠርምሳ የወጣች ዕለት እንኳ «ግድግዳው ነው መጥቶ የገባብን» ብሎ ለአባታቸው የመሰከረላት እህቱ፣ «እንዴት ተደርጎ!» ትላለች ብሎ ጠበቀ። ምንም። ጋራዡ ጭጭ አለ። እንዲህ ያለ ከባድ ዝምታ ካፒቴን በዕድሜው የሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚነዳው ተሳቢ መኪና ተራራ በሚያህል ጭነት ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ የከዳው ዕለት። ያኔም ቢሆን ረዳቱ ቢያንስ ይጮህ ነበር።

የእንግዳ ሞድ ማለት አንድ ባለጸጋ ሰው ሆቴል በር ላይ ደርሶ ቁልፉን ለማያውቀው መኪና አቋሚ ሲሰጥ የሚያበራው ነገር ነው። ፍጥነቷን ያስራል፣ የዳሽቦርዱን ኪስ ይቆልፋል፣ የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ይዘጋል፣ ወንበሯንም ሆነ ሬዲዮዋን ማንም እንዳያስተካክል ይከለክላል። ባጭሩ፣ «ይህን ሰው አላውቀውም» ማለት ነው፤ በኤሌክትሪክ።

ካፒቴን የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት የሚናገረው ታሪክ እንደ አድማጩ ይለዋወጣል። አንዳንዴ መርከብ ሙሉ ስሚንቶ ቅንጣት ሳያፈስ ያራገፈለት የወደብ ሹም ነው፤ አንዳንዴ ከጎርፍ መሀል ከነሙሽራዋ ያወጣቸው የሰርግ አጃቢዎች ናቸው። እውነቱ ግን ተሳቢ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ ያለቀበት፣ ሚስት አግብቶ መንገድ የወሰደበት፣ ቤት ሳይሠራ ጺሙ የሸበተ ሰው መሆኑ ነው። እህቱ ከቤቷ ስታስገባው «ና ተጠለል» አላለችውም። «ጋሼ፣ እኛ ሥራ እንውላለን፣ መኪናዋን የሚይዝልን ሰው ቸግሮናል» ነበር ያለችው። ሁለቱም ባልና ሚስት መንዳት እንደሚችሉ እሱም ያውቃል፣ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጋራዡ ጎን ላለችው ክፍል ጣራ ሆናለት ኖረች። ሾፌር ከሆነ ሠርቶ የሚበላ ሰው ነው። ሾፌር ካልሆነ ደግሞ፣ በእህቱ ባል ሳሎን በር ላይ ጫማውን እያወለቀ የሚገባ ሸምገል ያለ ጥገኛ ነው። እንግዳ። እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል።

መኪናዋስ ብትሆን ምን ዓይነት መኪና መሰለቻችሁ! ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለት በር፣ ከመሬት ጋር የምትሳሳም፣ ቆማ የምትሮጥ የምትመስል። ሞተር የላትም፤ ኮፈኗን ስትከፍት የምታገኘው ሻንጣ የሚያስቀምጡበት ባዶ ጉድጓድ ነው። ካፒቴን መጀመሪያ ያየ ዕለት «ሌባ ቀድሞናል» ብሎ ነበር። ዋጋዋን የእህቱ ባል ለማንም አይናገርም፤ ካፒቴን ግን ለሁሉም ይናገራል፣ በተናገረ ቁጥርም ትንሽ ይጨምርበታል፤ በዚህ አያያዝ ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ዋጋ በልጣለች። ነዳጅ እንደማትጠጣ፣ ማታ ማታ ግድግዳ ላይ እንደ ስልክ ተሰክታ እንደምታድር፣ እግር ጫን ሲደረግባት አንገት ወደ ኋላ እንደምትቀነጥስ፣ በስፖርት ሞድ ላይ ስትሆን ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የአንበሳ ድምፅ በድምፅ ማጉያዋ እንደምታሰማ ለባለሱቁም፣ ለጥበቃውም፣ ለዳቦ ተሰላፊዎችም ነግሯል። የበሯ መያዣ ከበሩ ጋር ተለጥፎ አይታይም፤ ቁልፏ የሆነውን ካርድ በኪስህ ይዘህ ስትጠጋ ግን ራሱ ብቅ ይላል፣ ሰላም ለማለት እንደተዘረጋ እጅ።

ግን ካፒቴን ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር አለ። የምር የሚወደው እሱን ስለነበር አልተናገረውም። መኪናዋ እያንዳንዱን ነጂ በመልኩና በልኩ ታውቃለች። እህቱ ስትገባ ስክሪኑ ላይ አበባ ይበራል፣ ባሏ ሲገባ የእግር ኳስ፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ የመርከብ መሪ። መሪውን እህቱ ናት እየሳቀች የመረጠችለት። ካርዱን ይዞ ሲጠጋ ወንበሩ ለታማሚ ጉልበቱ ሲል ብድግ ይላል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስፖኪዮዎቹ ጎንበስ ብለው ይጠብቁታል። በዘመኑ ስንት ቢሮ ገብቷል፣ ስንት የጭነት ወኪል ደጅ ጠንቷል። እሱ ሲመጣ ብድግ ያለለት ወንበር ግን ይህ ብቻ ነው።

አፉን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለብሶ ወደ መኪናዋ ሲጠጋ መያዣው ብቅ አለ። በሩን ከፈተ። ወንበሩ አልተነሳም። እንደ ተኛ ቀረ። ስክሪኑ ላይ የመርከቡ መሪ በነበረበት ቦታ ፊት የሌለው ግራጫ ጭንቅላት ተቀምጧል፤ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። ካፒቴን ጉልበቱን እየጎተተ ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው ወረደና ተቀመጠ። አገጩ ከመሪው እኩል ሆነ።

እህቱ ቦርሳዋን ታቅፋ ከሳሎን ወጣች። ሚጣ ነው የሚላት፤ በመሥሪያ ቤቷ የሁለት ክፍል ኃላፊ ሆና፣ ፀጉሯ መሀል ነጭ ገብቶበትም ሚጣ ነች።

«ጋሼ፣ እቴቴን ዓይን ክሊኒክ ታደርሳታለህ። ቀጠሮ አላት። አብረሃት ግባ፣ ብቻዋን አትሆንም።»

«ዓይኗን ምን ሆነች? ትናንት በስልክ ጎረቤቷ የለበሰችውን ሁሉ ከነቁልፉ ቀለም ስትነግረኝ ነበር እኮ።»

«አታውቃትም? ትደብቃለች» አለች እህቱ። ይህን ስትል ያየችው ጎማውን ነበር።

ካፒቴን መሪውን መታ መታ አደረገና ለመኪናዋ ተናገረ፤ ጮክ ብሎ፣ ጎረቤትም እንዲሰማ። «በይ እንግዲህ፣ እኛ እንግዶች ቀስ ብለን ነው የምንወጣው። ዕቃ አንነካም። የሰው ቤት ነው።» እህቱ ከቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች። የዚህ ቤተሰብ ጠባዩ ይህ ነው። ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም። አባታቸው ሲሞት ለእናታቸው የነገረቻት አክስታቸው እቴቴ ናት፣ የእህቱ የመጀመሪያ እጮኛ ሌላ ሲያገባ የነገረቻት አክስታቸው ናት፣ ካፒቴን ሚስቱ ጥላው እንደሄደች የሰማው በመንገድ ላይ እንዳለ ከአክስታቸው በስልክ ነው። እነሱ እርስ በርስ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ። ይህች መኪና እዚህ ቤት ከገባች ወዲህ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ያሰበችውን በቀጥታ የምትናገረው እሷ ብቻ ነበረች።

መናገር ደግሞ አብዝታ ነበር። ከመሪው ጀርባ የጥፍር ያህል ካሜራ አለቻት፤ የነጂውን ዓይን የምታይ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እሱ ሲነዳ ቲን ቲን እያለች የስኒ ሥዕል ታሳየዋለች፤ ዕረፍት አድርግ ማለቷ ነው። እሱን! ሦስት ቀን ሙሉ ሳይተኛ ነድቶ፣ በአራተኛው ቀን የተኛው መንገዱ ስላለቀ ነው የሚባልለትን ሰው! ካፒቴን ከክሊኒክ የተረፈ የቁስል ፕላስተር ቆርጦ ዓይኗ ላይ ለጠፈባት፤ ዝም አለች። ሌላው ጥፋቷ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በቅርቡ ገበያው ጥግ ላይ፣ ፊቱ ባዶ በሆነ መንገድ ላይ፣ እሱ ሳያዛት ራሷ ፍሬን ይዛ ቀጥ አለች። የደረት ቀበቶው ትንፋሹን ነጠቀው። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን አስጮኸበት። «ከጥላ የምትደነግጥ ፈሪ!» ብሎ ሰደባት፤ ወሬውንም ለሰፈሩ አከፋፈለ። እየቆየ ሲሄድ በወሬው ውስጥ ያለው ጥላ የወፍ ጥላ ሆነ፣ ከዚያም የደመና።

በሩን ወጥቶ አስፋልቱን ሲይዝ እግሩን ጫን አደረገ። ተንቀሳቀሰች፣ ትንሽ ፈጠነች፣ ከዚያ በቃኝ አለች። ቢረግጣት ቢረግጣት ያው ናት፤ የአንበሳው ድምፅ እንኳ ቀርቷል፣ እንደ ተናደደ ንብ ትዝዝዝ ትላለች። አውቶቡስ አለፈው። የውሃ ቦቴ አለፈው። ብሎኬት የጫነ፣ ጎማው የተጣመመ አሮጌ ፒካፕ ሳይቀር በትዕቢት አለፈው። መብራት ላይ ሲቆም አንድ የታክሲ ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«አባት፣ ገፋ እናድርግሎት?»

«አንተ ልጅ፣ ይህቺ ብትለቀቅ ነፋሷ ብቻ የአንተን በር ይነቅለዋል!»

«እና ማን አሰራት?»

አረንጓዴ በራ፤ ታክሲው በሳቁ ታጅቦ ሄደ። የእህቱን ባል በሆዱ አነሳው ጣለው። መቼስ ባዳ ባዳ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ ይቀመጡ፣ ጋሼ ይብሉ» እያለ፣ እሱ ሳያይ በጣቱ ጫፍ ከሰው ተራ አወጣው። የሚገርመው እህቱ ይህን መዋጧ ነው። በስፖኪዮው ሲያይ፣ መንገዱ ላይ ካለው መኪና ሁሉ ሳያልፈው ከኋላው ቀስ ብሎ የሚከተለው አንድ ጎኑ የተላጠ አሮጌ ታክሲ ብቻ ነበር። «ይሄስ መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው» አለ ለራሱ። «አክብሮ መንዳት ከዚህ ይማሩ።»

ሌላ ምንም ባይተዉለት እግሩን ግን አልወሰዱበትም። ይህቺ መኪና ለማቆም ፍሬን አትፈልግም፤ የሚረግጧት በአንድ ፔዳል ነው፣ እግርህን ከላዩ ስታነሳ በራሷ ትሰበሰባለች፣ ትቆማለች። እህቱ ለመልመድ ስትንገጫገጭ ከረመች። እሱ በአንድ ሰዓት ለመድኩ ይላል፤ ወር ፈጅቶበታል። ከዚያ በኋላ ግን እንቁላል ጭነህ ብታስነዳው አይነቃነቅም። «የድሮ መኪና ለማቆም መርገጥ ነው፤ የዚህቺ ጥበብ መተው ላይ ነው» ይላል፣ እግሩን በአየር ላይ እያነሳ ለባለሱቁ ሲያሳይ።

እቴቴ የምትኖረው አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ፍሪጅ አላት፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ከሞተ ቆይቶ ብርድ ልብስ ይቀመጥበታል። ካፒቴን ሲገባ ተጣጥፎ የሚዘረጋ ወንበሯን፣ ጃንጥላዋን፣ የማይታወቅ ነገር የሞላበት ፌስታሏን ይዛ ቆማ ጠበቀችው። ዕቃውን ከኋላ ሊጭን ሄዶ መክፈቻውን ቢጫን ቢጫን ዕቃ መጫኛው ዝም አለ። ፊት ለፊት ሄዶ ኮፈኑን ሞከረ፤ እሱም ዝም። ጥበቃው ያየዋል። አንዲት ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ ታየዋለች።

«ተበላሸች እንዴ?» አለች እቴቴ።

«አልተበላሸችም። ተቆልፎብኝ ነው። ሌባ ነው ብለዋል።»

«ማ?»

«አማችሽ ነዋ፣ ማን ሊሆን! ስሜን አውጥቶ እንግዳ አድርጎኛል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

እቴቴ ጃንጥላዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ተጣጣፊው ወንበር እሷ ጭን ላይ ሆነ፣ ጃንጥላው በእግሮቿ መሀል፣ ፌስታሉ ደረቷ ላይ። ስትቀመጥ «ኧረ ይሄ መኪና ነው መቃብር! ሰው ቆሞ ነው እንጂ የሚሄደው ተኝቶ እንዴት ይሄዳል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ግን ዝም። ካፒቴን የእህቱን ባል ቦጨቀ፤ ስስቱን፣ ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ጫማ አውልቁ ማለቱን። ሌላ ቀን ቢሆን እቴቴ በእጥፍ ታግዘው ነበር። ዛሬ መስኮቱን ታያለች። እቴቴ ዝም ካለች ወይ ታማለች፣ ወይ መልእክት ይዛለች። ካፒቴን ይህን ያውቃል፤ ሆኖም የሚያውቀውን ሊያውቅ አልፈለገም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «በስተቀኝ! በስተቀኝ በኩል ብስክሌት!» ብላ ክንዱን ጨመደደችው።

«አየሁት እኮ!» አለ። መኪናዋም ቀድማ ፍጥነቷን ቀንሳ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። አንድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ምግብ ያበስላል። የካርድ ዋጋ በመስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ በቅርቡ የተጨመረ መሆኑ የሚታወቀው አዲሱ ቁጥር በአሮጌው ላይ በወረቀት ተደርጎበት ጠርዙ ስለሚነሳ ነው። ሰው ሁሉ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ድምፅ ይጠብቃል። ነርሷ ወጥታ ተራ ጠራች። እቴቴ አልተነሳችም።

«እቴቴ፣ ተጠራሽ።»

«አንተ ነህ የተጠራኸው» አለች፣ ፌስታሏን እያስተካከለች። «የእኔ ዓይን ገና መርፌ ያስገባል። ተነስ አሁን፣ ሰው ይጠብቃል።»

ካፒቴን ሳቀ። ዞር ብሎ የሚስቅለት ሰው ፈለገ፤ የለም። ነርሷ «አባባ፣ በዚህ በኩል» እያለች እጇን ዘርግታለች። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጨቃጨቅ ነውር ሆነበትና ተነሳ።

አገጩን አንድ ነጭ ጎድጓዳ ማሽን ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍነው፣ በእጁ ቁልፍ ያለበት ገመድ አስያዙት። መሀሉ ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ እያየ፣ በየትኛውም ጎን ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፉን መጫን ነው ሥራው። ካፒቴን ተደሰተ። ይህማ የእሱ ጨዋታ ነው! ሌሊት ተራራ ሲወርድ የቀበሮ ዓይን ከየጥሻው ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ብልጭ፤ ጫን። ብልጭ፤ ጫን። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ማሽኗ የደከማት መሰለው። መሀል አካባቢ አንድ ብልጭ፤ ጫን። ደግሞ ዝም። ሌላኛው ዓይኑም እንደዚያው ሆነ። «ማሽናችሁ መብራት ይቆጥባል» አለ ሲነሳ። «አንድም አላመለጠችኝ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድካም ከዓይኗ ሥር ቤት ሠርቷል። ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችለት። ጥቁር ክብ ነበር፤ መሀሉ ላይ የሳንቲም ያህል ነጭ ሜዳ።

«ብርሃኑ እዚህ ሁሉ በርቷል» አለች፣ እርሳሷን በጥቁሩ ላይ እያዞረች። «እርስዎ ያዩት ይህን መሀሉን ብቻ ነው። የዓይን ግፊት ይባላል። ቀስ ብሎ ከዳር ነው የሚበላው፤ ስለማያም ባለቤቱ አያውቅም። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆያለን። መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ከጎን የሚገባ ሰው አይታይዎትም።»

«እኔ እኮ…» አለ ካፒቴን። ወደቡን ሊያመጣ ነበር፣ ጎርፉን፣ ሙሽራዋን። ልጅቷ በትዕግሥት ትጠብቀዋለች። ነጩን ሳንቲም አየና ተወው።

ከክሊኒኩ ሲወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር። እቴቴ ተጣጣፊ ወንበሯን ዘርግታ ከመኪናዋ ጎን ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ከመኪናዋ አጠገብ ያ ጎኑ የተላጠ ታክሲ ቆሟል። በሩ ተከፍቶ እህቱ ወጣች፤ ለሾፌሩ ከፍላ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ። ሥራ የሄደ ሰው አይመስልም ነበር።

«መንገድ የሚያውቅ ሰው ብዬ ያደነቅሁት…» አለ ካፒቴን።

«ከቤት ጀምሮ ከኋላህ ነበርኩ።»

የታክሲው ሾፌር ጨዋ ስለነበር ሞተሩን አስነስቶ ራቅ አለ።

«እቴቴ፣ ንገሪያት» አለ ካፒቴን በመጨረሻ፣ አክስቱን እያየ። «ባልሽ ዓይኔ ሳይመረመር ስሜን ማውጣት አልነበረበትም በያት። ሰው እኮ ነኝ በያት።»

እቴቴ ጃንጥላዋን መሬት ላይ መታች። «እኔ የእናንተ ፖስታ ቤት መሆን ሰለቸኝ! ሞትሁ እኮ፣ አርጅቼ ሞትሁ! አጠገብህ ነው ያለችው፣ ንገራት። አንቺም ንገሪው። እኔ ዛሬ ዝግ ነኝ።»

እህቱ ወደ ስልኳ አጎነበሰች። ከዚያ ስልኩን ዘረጋችለት። መኪናዋ ራሷ በፊት ለፊት ካሜራዋ የቀረጸችው ምስል ነበር፤ ካሜራዋ በፕላስተር በተለጠፈ ቁጥር፣ ፍሬን ራሷ በያዘች ቁጥር፣ ሁሉን ለባለቤቶቿ ስልክ እንደምትልክ ካፒቴን እስካሁን አያውቅም ነበር። የገበያው ጥግ። ባዶው መንገድ። ከግራ በኩል ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ሕፃን አዝላ ወጣች፣ ሳትሮጥ፣ እንደማንኛውም ሰው። የመኪናዋ ግራ ጥግ ላይ ደረሰች። ምስሉ ተንገጫገጨ፤ መኪናዋ ቆመች። ሴትየዋ እንደ መከታ መዳፏን የኮፈኑ ግራ ጠርዝ ላይ አደረገች። ወደ መስታወቱ ትክ ብላ አየች። ከዚያ ወደ መጣችበት ተመለሰች። ከመኪናዋ ውስጥ የራሱ ድምፅ ይሰማል፤ «ከጥላ የምትደነግጥ ፈሪ!»

ካፒቴን ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ደግሞ አየው። ጥላ አልነበረም። ሰው ነበረች፣ ከነልጇ፣ ያን ያህል ቀርባ፣ እጇን አስደግፋበት፤ እሱ ግን እንኳን ሊያያት፣ እስከ ዛሬ ድረስ መኖሯን አልሰማም።

«እሱ አይደለም ስምህን ያወጣው» አለች እህቱ። እየተናገረች ያለችው ለእሱ ነበር፤ ፊት ለፊት። ድምፅዋ አልለመደውምና ተሰናክሎ ወጣ። «እኔ ነኝ። እሱማ ‹ጋሼን ከምታዋርጂው ዝም ብለሽ ንገሪው› ሲለኝ ከረመ። አቃተኝ። ቁልፉን ስጠኝ ማለት አቃተኝ፣ ጋሼ። ፍጥነቷን ላስራት፣ ከኋላው ልከተል፣ ሐኪሟ ትንገረው አልሁ። ዛሬም መስጠት አልነበረብኝም። ያ ብስክሌት ጋ ስትደርስ ታክሲው ውስጥ ጮህሁ።»

«እና ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ያልኩትን እኮ ነው መልሶ የነገረኝ።»

ካፒቴን ሊቆጣ ፈለገ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው ቁጣ ነበረው፣ ለአንድ ሠራዊት የሚበቃ። የሚያራግፍበት ሰው ግን ጠፋበት። ባልየው ንጹሕ ነው፣ መኪናዋ ንጹሕ ናት፣ እህቱ ታለቅሳለች። ከሸሚዙ ኪስ ካርዱን አወጣ፤ ትንሽ ጥቁር ካርድ ናት፣ ከወረቀት አትከብድም። አንድ ዘመን ሙሉ የያዛቸው ቁልፎች ኪስ የሚቀዱ፣ ሲጥሏቸው የሚያስተጋቡ ነበሩ። እንዲህ ያለችውን ሲሰጡ እጅ ምንም አይቀልለውም። እህቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት።

«ከእንግዲህ እኔ እቤትሽ ምንድን ነኝ፣ ሚጣ?»

«ጋሼ ነሃ!» አለች፣ እንደ ሕፃን ተቆጥታ። «ምን ልትሆን ኖሯል?»

«ሾፌር ነህ ያለችህ እንዳትሸማቀቅ ብላ ነው እንጂ» አለች እቴቴ፣ ወንበሯን እያጣጠፈች፣ ዝግ መሆኗን ረስታ። «ባልና ሚስቱ መንዳት የማይችሉ መስሎህ ነው? አቤት የወንድ ሞኝነት! በሉ አንሱኝ፣ ፀሐይ በላኝ።»

እህቱ ወደ ሾፌሩ በር ስትጠጋ መያዣው ብቅ አለላት። ወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ፊት ተጠጋ፣ ስፖኪዮዎቹ ቀና አሉ፣ ስክሪኑ ላይ አበባው በራ። የኋላ ዕቃ መጫኛውም በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ የእቴቴ ዕቃ ሁሉ ገባ። እቴቴ ራሷ ከኋላ፣ ለቦርሳ ተብላ በተሠራችው ወንበር ላይ፣ ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ፣ ሠሪዎቹን እየረገመች ተቀመጠች። ካፒቴን በሌላው በኩል ዞሮ ገባ። በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅም። ዳሽቦርዱ ከዚህ ሲታይ የሌላ መኪና ይመስላል። ክንዱን የት እንደሚያሳርፍ አላወቀም።

«ወንበሩን ከፍ ላድርግልህ?» አለች እህቱ።

«ተይው። እንግዳ የሰጡት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።»

ቀና ብላ አየችው፤ ይቀልድ ይሆን አይቀልድ ለማወቅ። እሱም አላወቀም ነበር። ከመሪው ጀርባ ያለው ፕላስተር ላይ እጇን ዘርግታ በጥፍሯ ላጠችው። ትንሿ ካሜራ ዓይኗን ገለጠች።

መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተዋል። እህቱ ጥሩ ነው የነዳችው፣ ካስተማራትም በላይ። ካፒቴን ፊት ለፊቱን አየ። ዓለም በሳንቲም መሀል ታልፋለች፤ ስንት ሰው ከሳንቲሙ ውጭ ቆሞ ይሆን አለ በልቡ፣ ስንት ሰው ይሆን ሳላየው ያለፍሁት። የገበያው ጥግ ሲደርሱ ቀኝ እግሩ ሳያዝዘው ምንጣፉ ላይ ተጭኖ እንደነበር ታወቀው፤ ጣቱ እስኪደነዝዝ ይዞት ኖሯል። አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ቆማ ለመሻገር ትጠብቃለች። ካፒቴን እንደለመደው፣ እንደሚችልበት፣ እንቁላል እንኳ ሳይነቃነቅ፣ እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ።

መኪናዋ አልቆመችም። ትንሽ ሄዳ፣ እህቱ እግሯን ስታነሳ ቆመች።